«አገር ስጠኝ»፦ በእንቆቅልሽ ስለ ተመራ አንድ የአዲስ አበባ የእግር ጉዞ

መንደርደሪያ

እንቆቅልሽ ከሥነ ቃላችን አጫጭር ዘርፎች አንዱ መሆኑ ይታወቃል። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልሽ» ይላል፤ ጥያቄው ይቀርባል፤ የሚያውቅ ይመልሳል። ካላወቀ ግን ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ያላወቀውም ሰው ጎንደርን ወይም ሐረርን፣ አለዚያም የመጣለትን ሌላ አገር ይሰጣል። ጠያቂው በተሰጠው አገር ገብቶ ያገኘውን ድሎት ዘርዝሮ፣ ሰጪውንም በነገር ሸንቆጥ አድርጎ፣ በመጨረሻ መልሱን ይናገራል። ይህን ሥርዓት ለተማሪዎች ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። እንደ ብዙዎቹ ባልደረቦቼ እኔም የማተኩረው በጥያቄው ዘይቤና በመልሱ ላይ ነበር፤ «አገር ስጠኝ» የምትለዋን ቃል የጨዋታው ማጣፈጫ ናት ብዬ አልፋት ነበር። ባለፈው የካቲት አንድ እሑድ ከጧት እስከ ማታ በእግሬ ከሄድኩ በኋላ ግን የዘርፉ ቁም ነገር ያለው በእሷ ላይ ይሆን እንዴ ወደሚል ጥርጣሬ ደረስኩ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ጉዞ መተረክና ጥርጣሬውን ለአንባብያን ማካፈል ነው።

ነገሩ የጀመረው በቤት ሥራ ነው። የሥነ ቃል ተማሪዎቼ ከየአካባቢያቸው እንቆቅልሽ ሰብስበው እንዲተነትኑ አዝዤ ነበር። አራት ተማሪዎች የሰበሰቡትን ካስረከቡ በኋላ አንድ ተጨማሪ ነገር ይዘው መጡ፤ ራሳቸው የደረሷቸው ሰባት እንቆቅልሾች፣ እያንዳንዱ በታሸገ ፖስታ ውስጥ። የሁሉም መልስ በአዲስ አበባ የሚገኝ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቆየው የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ጋር የተያያዘ ሥፍራ ነው። አንዱን የፈታ ወደ ሥፍራው ሄዶ የሚቀጥለውን ፖስታ ይከፍታል። «መምህር፣ ያለ አስጎብኚ በእግርዎ ይሂዱበት» አሉኝ፤ «መንገደኛ መጠየቅ ይፈቀዳል፤ መጽሐፍና ስልክ ማየት ክልክል ነው። ካቃትዎት አገር ሰጥተው፣ የሰጡትን አገር ስም እዚህ ወረቀት ላይ ጽፈው መልሱን ይክፈቱ።»

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ደስ አላሰኘኝም። ያን ያህል ሕዝብ ስላለቀበት ዘመን እንቆቅልሽ መጫወት ይገባልን? ይህንኑ ስጠይቃቸው ከተማሪዎቹ አንደኛዋ «የምንጫወተው በሙታኑ አይደለም፤ በማናውቀው በእኛ ነው» ስትል መለሰችልኝ። መልሷ ሙሉ በሙሉ ባያረካኝም ፖስታዎቹን ተቀበልኩ።

ስማቸው የቀረ ሠፈሮች

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

«የሠራተኛ ቤት ብለው ሰየሙኝ፤
ሠራተኛው ሄዶ ስሜ ቀረልኝ።»

ከሥሩም «የስሙን ትርጉም ካልተናገሩ መልስ አይባልም» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረው። ካዛንችስ መሆኑን ወዲያው ጠረጠርኩና በጧት እዚያው ሄድኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሠፈር ግን የለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የሠፈሩ ብዙ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዘዋውሯል፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ የምጠይቀው የሠፈር ሰው ማግኘትም ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ አንድ አዛውንት አገኘሁና «አባባ፣ ካዛንችስ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኳቸው። «ትርጉሙን ማን ጠይቆ ያውቃል ልጄ? እኛ የኖርንበት ነው» አሉኝ። እኔም አላወቅሁትም። ጎጃምን ሰጥቼ መልሱን ከፈትኩ። «ካዛ» በጣልያንኛ ቤት ማለት ነው፤ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የኢጣልያ ተቋም የስሙ ምሕጻር ነው። ሠፈሩ ለወራሪው መንግሥት ሹማምንትና ጸሐፊዎች የተሠራ ነበር። ዝቅ ላለ ኑሮ ኢጣልያውያን የታሰበው «ካዛ ፖፖላሬ» ደግሞ ፖፖላሬ በሚለው የሠፈር ስም ቀርቶልናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ሕዝቡ ባዕዱን ቃል ተቀብሎ በራሱ አንደበት አላምጦ ሌላ ቃል አድርጎታል። «ካዛንችስ» ስንል ስለ ኢጣልያ ሹማምንት የሚያስብ የለም። በአንድ በኩል ይህ ድል ነው፤ ወራሪው የሰየመውን ስም ባለቤቱ ወስዶ የራሱ ትዝታ መጠሪያ አድርጎታልና። በሌላ በኩል ግን ቃሉ የተፈጠረበት ምክንያት፣ ማለትም ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ የማስፈር ዕቅድ፣ አብሮ ተሰውሯል። አሁን ደግሞ ቤቶቹ ሲፈርሱ ትርጉሙን ለመጠየቅ የሚያነሣሣው ምልክት እየጠፋ ነው። ቤትም ትርጉምም ያልቀረለት ስም ከእንግዲህ በምን ይታወሳል?

ሄዶ የመጣው አንበሳ

ሁለተኛው እንቆቅልሽ አላስቸገረኝም፦

«ማርከው ወሰዱኝ፣ ዘመን ቆጥሬ መጣሁ፤
ባቡሩ ቀረ እንጂ እኔስ ከበሩ ቆሜአለሁ።»

ከካዛንችስ ቁልቁል በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ለገሃር ወረድኩ። በአሮጌው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ከተከናወነው የዘውድ በዓል ጋር የተያያዘ ነው። ፋሺስቶቹ ወደ ሮም ወስደው በዶጋሊ ለሞቱባቸው ወታደሮች መታሰቢያ በተሠራው ሐውልት ሥር አቆሙት። የዶጋሊ ጦርነት በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ድል ያደረጉበት መሆኑን ስናስታውስ የምርጫው ትርጉም ግልጽ ይሆናል፤ የተማረከ አንበሳ በተሸነፉበት ጦርነት መታሰቢያ ሥር ሲቆም የበቀል ጽሑፍ ነው። ይሁን እንጂ ያንን ጽሑፍ ሌላ አንባቢ አነበበው። ዘርዓይ ድረስ በሮም ሰይፍ የመዘዘው በዚሁ አንበሳ አጠገብ ነው። አንበሳው ወደ አገሩ የተመለሰው ነፃነት ከተገኘ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

ቦታው ሌላም ነገር ያስታውሳል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ የባቡር መሥመር ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት ከተማዋ ያለ ባለቤት ቀርታ ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። ሚያዝያ 27 ቀን የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ገባ።

ቆሞ የሞተ

ሦስተኛው ከሰባቱ ሁሉ የላቀ ነው ብዬ አምናለሁ፦

«ቆሞ ሞተ፤ ሞቶ ቆመ፤
ቆሞ ተነሣ፤ ተነሥቶ ቆመ።»

የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ እየወጣሁ ሳሰላስለው «ተነሣ» የሚለው ግሥ ያለውን ኅብረ ቃል አገኘሁት። ሰሙ ትንሣኤ ነው፤ ወርቁ ከቦታ መነሣት። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት ተገደሉ። አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ባደረጉት ሙከራ ማግሥት ነበር። ለወራሪው እንዲገዙ፣ አርበኞችንም እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እምቢ አሉ። ሐውልታቸው ቆመ፤ በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ግንባታ ከቦታው ተነሣ፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ። አራቱ ግሦች የአንድ ሰው ሕይወትና የአንድ ሐውልት ታሪክ ናቸው።

የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ለዓመታት አስተምሬአለሁ። ተውኔቱ የጻድቁን የመጨረሻ ሰዓት የሚያሳይ በመሆኑ ከተማሪዎቼ ጋር ስንነጋገር ዘወትር የምናነሣው የውስጥ ግጭቱን፣ የቋንቋውን ግርማ፣ የአነጋገሩን ምት ነበር። ከሐውልቱ ሥር ቆሜ ግን ራሴን የጠየቅሁት ሌላ ነበር። ተማሪዎቼን አንድ ቀን እንኳ እዚህ አምጥቼ አላውቅም። ከክፍላችን እዚህ ድረስ በእግር አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ሳይገዛ የወሰደ ገዢ

አራተኛው ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይጠይቃል፦

«ገዢ ነኝ ባይ መጣ፣ ሳይገዛ ገበያውን ወሰደ፤
እኔን ቀበረኝ፣ ፈረሴ ግን አልሄደ።»

እዚህም ኅብረ ቃሉ በ«ገዛ» ላይ ነው። ዕቃ የሚገዛ አለ፤ አገር የሚገዛ አለ። መልሱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ነው። ከወረራው በፊት የአራዳ ገበያ በዚህ ነበር። በኢኛሲዮ ጉዊዲና በቼዛሬ ቫሌ የተነደፈው የከተማ ፕላን ኢጣልያውያንና ኢትዮጵያውያን ተለያይተው እንዲሠፍሩ የሚያዝ ስለ ነበር የአገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፋ። ዛሬ መርካቶ የምንለው እሱ ነው። አራዳም «ፒያሳ» ተባለ። የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ሐውልት የዓድዋ ትዝታ ስለ ሆነ ከመቆሚያው ወርዶ ተቀበረ፤ ከነፃነት በኋላ ተቆፍሮ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቤተ ክርስቲያኑም በየካቲት 1929 ዓ.ም. እሳት ተለቆበታል። ዛሬ በአደባባዩ አጠገብ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ቆሟል። ወራሪው ቀብሮ ሊያስረሳው የሞከረው ድል በዚያው ቦታ ሰፍቶ መታየቱን ሳየው የእንቆቅልሹን የመጨረሻ ስንኝ ደግሜ አነበብኩ።

ሁለት ጊዜ የመጣ ቀን

አምስተኛው ወደ አራት ኪሎ መራኝ፦

«አንድ ቀን ሁለት ጊዜ መጣ፤
ያኔም ተለቀሰ፣ ኋላም ተለቀሰ።»

ሚያዝያ 27 ነው። በ1928 የጠላት ጦር የገባበት ቀን፣ በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋና ከተማቸው የተመለሱበት ቀን ሆነ። በእንግሊዝ የሚታዘዘው ጦር ከተማዋን የያዘው ግን ከአንድ ወር ያህል በፊት መጋቢት 28 ቀን ነው። ይህ ልዩነት ተራ ነገር አይደለም። የደርግ መንግሥት የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል። የዘመን መቁጠሪያም እንደ ማንኛውም ጽሑፍ አርታኢ አለው ማለት ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በአራት ኪሎ ቆሞ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ሳያስታውስ አያልፍም። በወረራው ዘመን ባለ ሥልጣኖቹ በአማርኛ «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» የተባለ ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር፤ ቋንቋችን ለወራሪው አፍ ሆኖ ያገለገለበት ጊዜ እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው «አዲስ ዘመን» ስሙን ያገኘው ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 27 ንግግራቸው ካወጁት የአዲስ ዘመን ሐሳብ ነው። የሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ማየት ብቻ የአምስቱን ዓመት ታሪክ ባጭሩ ያስነብባል።

የትም የማያደርስ ደረጃ

ስድስተኛውን ፖስታ ስከፍት ደክሞኝ ነበር፦

«ወደ ላይ ይሄዳል፣ የትም አያደርስም፤
ዘመን ይቆጥራል፣ ዘመን አልሰጠውም።»

«ስድስት ኪሎ፣ ከቤትዎ ደጃፍ» የሚል ፍንጭ ተጨምሮበታል። በግቢው ውስጥ ዞርኩ፤ ተመላለስኩ፤ ጥበቃውን ጠየቅሁ። መጨረሻ ላይ ወሎን ሰጥቼ መልሱን ከፈትኩና አፈርኩ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለትም በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ፊት ለፊት ያለው የሲሚንቶ ደረጃ ነው። በተማሪነትም በመምህርነትም ከሃያ ዓመት በላይ በአጠገቡ አልፌአለሁ፤ ፎቶግራፍም ተነሥቼበታለሁ። እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ በጥቅምት 1915 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ አንዱን የፋሺስት ዓመት የሚቆጥር ነው። ከነፃነት በኋላ በጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ሌላ ደረጃ ሊጨመርበት አይችልም። ደረጃዎቹ ስንት እንደ ሆኑ እዚህ አልጽፍም፤ አንባቢ ሄዶ ይቁጠራቸው።

ይህ ቤተ መንግሥት የግራዚያኒ መቀመጫ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ልጅ መወለድን ምክንያት በማድረግ ለድሆች ምጽዋት ሲታደል፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው። ግራዚያኒ ቆሰለ። የከተማው የፋሺስት ፓርቲ ኀላፊ ጉዊዶ ኮርቴዜ ሸሚዘ ጥቁሮቹን ለሦስት ቀናት በሕዝቡ ላይ ለቀቃቸው። ቤቶች ሰው በውስጣቸው እያለ ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎታል፤ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል በቅርብ ዘመን ያደረገው ጥናት ወደ 19,000 የሚጠጋ ግምት ላይ ደርሷል። ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር በኋላ ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ሥነ ጽሑፍ የምናስተምረው እንግዲህ በዚህ ግቢ ነው። የየካቲትን መከራ አይተው ከጻፉት አንዱ፣ የ«የጉለሌው ሰካራም» ደራሲ ተመስገን ገብሬ መሆናቸውን፣ «ሕይወቴ» የተባለው ግለ ታሪካቸውም ለኅትመት የበቃው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። የመጽሐፉን ገጽ እየገለጥኩ ደጃፉን አላየሁትም።

ባዶው ፖስታ

ሰባተኛው ከግቢው በር ወጣ ብሎ፣ ዩጎዝላቭያውያን ቀራጮች በሠሩት የየካቲት 12 ሐውልት ሥር የሚከፈት ነው፦

«ሦስት ቀን የነደደ፣
በስንት ዓመት በረደ?»

መልሱን አላወቅሁም። ፖስታውን ስከፍተው ባዶ ነው፤ በጀርባው ላይ «የዚህኛው መልስ በየቤቱ ነው» ተብሎ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ስለ ጨዋታው የነበረኝን ተቃውሞ ላንሣ። እንቆቅልሽ አንድ መልስ ይፈልጋል፤ ታሪክ ግን ከላይ በሟቾቹ ቁጥር እንዳየነው በአንድ መልስ አይዘጋም። ሁለተኛ፣ ስድስቱ እንቆቅልሾች የተደረሱት ሐውልት፣ ደረጃ ወይም ስም ለተረፈለት ነገር ብቻ ነው። እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉት የውስጥ አርበኞች በዚችው ከተማ ውስጥ ሆነው ለአርበኞች መሣሪያና መረጃ ሲያቀብሉ የሄዱባቸው መንገዶች በጉዞው ውስጥ የሉም። ድንጋይ ያልቆመለት ነገር እንቆቅልሽ ሊሆን አልቻለም። ተማሪዎቹ ይህን ጉድለት ሳያውቁት አልቀሩም፤ ሰባተኛውን ፖስታ ባዶ ያደረጉት ስለዚህ ይመስለኛል።

እኔም ቤቴን አስታወስኩ። አያቴ ያደገችው ጉለሌ ነው። ምድጃ ላይ እሳት ካለ በር አታስዘጋም ነበር። በሐምሌ ብርድ እንኳ ገርበብ ይላል እንጂ አይዘጋም። እኛ ልጆች ስናጉረመርም «እሳት ባለበት ቤት በር አይዘጋም» ትለን ነበር፤ ጭሱን ፈርታ ነው ብለን አለፍነው። ያን ዕለት ማታ እናቴን ጠየቅኋት። እናቴም ነገሩን የሰማችው በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በየካቲት 1929 አያቴ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። በሩ ከውጭ ተዘግቶ ቤቱ ሲለኮስ ጎረቤቶች የጓሮውን የጭቃ ግድግዳ በመጥረቢያ ንደው አወጧት። ታናሽ ወንድሟ አልወጣም። አያቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ስሙ ማን ነበር ብዬ ብጠይቅ እናቴ አታውቀውም።

መደምደሚያ

ወደ መነሻዬ ልመለስ። በእንቆቅልሽ ሥርዓት ያላወቀ ሰው የሚቀጣው በገንዘብ ወይም በዱላ አይደለም፤ አገር ያጣል። ጠያቂውም ይገባበታል፤ ይዝናናበታል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ደንብ ሲያወጡ ስለ ታሪክ ዕውቀት አስበው ነበር ማለቴ አይደለም፤ ይህን የሚያስረዳ ማስረጃ የለኝም። ደንቡ ግን ለእኛ ዘመን የሚናገረው አለው። የካዛንችስን ትርጉም ባለማወቄ፣ ደረጃውን ባለመቁጠሬ፣ አያቴን ባለመጠየቄ የሰጠሁት ነገር አለ። በወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጎጃም፣ በሁለተኛው ወሎ ተጽፏል። በሦስተኛው ላይ «ጉለሌ» ብዬ ጻፍኩና ለተማሪዎቹ መለስኩላቸው።

ለባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የወረራውን ዘመን ሥነ ጽሑፍ ስናስተምር ከመጻሕፍቱ ጋር የከተማዋን ስሞች፣ ደረጃዎችና አደባባዮች እንደ ጽሑፍ እናንብባቸው፤ ከተማዋ በፍጥነት እየተለወጠች ስለ ሆነ ጊዜው አጭር ነው። ሐውልት የሌላቸውን ደግሞ ከየቤቱ እንሰብስብ። በዚህ ዓመት ለሥነ ቃል ተማሪዎቼ የሰጠሁት የቤት ሥራ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በቤታችሁ ምክንያቱ ሳይነገር የሚጠበቅ ልማድ ካለ፣ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት እያሉ ጠይቃችሁ ጻፉ። ከገቡት ወረቀቶች ሦስቱ ስለ በር ናቸው።